ያለ አስተርጓሚ

ሞተሩ ሲነሣ የሐጂ ሳልህ መጋዘን ጣራ በሙሉ ተንቀጠቀጠና የኑግ ብናኝ በሰው ራስ ላይ ረገፈ። ድንቅነሽ ነጠላዋን አራግፋ ልጇን ይታይሽን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት። ገበያው ገና አልተበተነም፤ ውጭ የቅዳሜ ፀሐይ ያቃጥላል። መጋዘኑ ግን በሮቹ ተዘግተው፣ መስኮቶቹ በጆንያ ተደፍነው ጨልሟል። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን ብቻ እንደ ድር ክር ቀጥ ብሎ ከሰዉ ትከሻ ላይ ያርፋል። ግድግዳው ላይ የተወጠረው አቡጀዲ ባዶውን ይጠብቃል።

"እማየ፣ አባየ የታል?"

"ያውልሽ፣ ከማሽኑ ጎን። ጆንያው ላይ የወጣው።"

አያልነህ በተደራረቡ የእህል ጆንያዎች ላይ ቆሞ፣ የደላላ ዱላውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። በወረታ የከብት ገበያ እሱን የማያውቅ የለም። "አያልነህ ካወራላት የነጠፈችም ላም ትታለባለች" እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ከሁሉ በላይ ይስቅበታል። ደላላ ከመሆኑ በፊት ግን፣ ፊልም በካሚዮን ጭኖ በየከተማው ከሚያሳየው ከጎንደሬው ከኢሳቅ ጋር የሚዞር አስተርጓሚ ነበር። ፊልሙ የህንድ ነው፤ ተመልካቹ የህንድ ቋንቋ አይሰማም። ስለዚህ አንድ ሰው ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ፣ ማን ምን እንዳለ ጮክ ብሎ ይናገራል። የዛሬው የኢሳቅ አስተርጓሚ ሐሙሲት ላይ ወባ ጥሎት ቀርቷል። ኢሳቅ የድሮ ወዳጁን ቢለምነው አያልነህ ዓይኑን አላሸም።

"ለልጄ ሰርግ ማሟሟቂያ ይሁንልኝ" አለ።

ፊልሙም ያው የጥንቱ ነው። ድንቅነሽ ጎንደር አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ሳለ፣ ዕድሜዋ አሁን የይታይሽን ያህል ሆኖ ያየችው። አንድ ወፍራም ባለጠጋ ነጋዴ የአንድ ምስኪን ሸክላ ሠሪ ልጅ ይወዳል። ሊያገባት ሲል ጭቃ ውስጥ ይወድቃል፣ ፍየል የአበባ ጉንጉኑን ይበላበታል፣ አሽከሩን መሰላል ያዳልጠዋል፤ መጨረሻው ሠርግ ነው። ያን ቀን ድንቅነሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስትወጣ የፊልሙን ሰዎች ፊት አላስታወሰችም፤ የምታስታውሰው በጨለማው ውስጥ የሰማችውን ድምፅ ነበር። ድምፁ ከሦስት ወር በኋላ ሽማግሌ ላከ።

በዚያ ተጸጽታ አታውቅም። አያልነህ እጁን አንሥቶባት አያውቅም፤ ቤቱን በወሬና በሳቅ ይሞላል። የጎደለውን እሷ በቅቤ ንግዷ ትሞላለች፤ ከሜዳው ሴቶች እየገዛች ለጎንደር ካሚዮኖች ታስረክባለች። ይታይሽ ሕፃን ሳለች ማስተኛ ተረቷ ይኸው ፊልም ነበር። ዛሬ ከልጇ ይልቅ የቸኮለችው እናትየው ናት።

አቡጀዲው በራ። ሙዚቃው እንደ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ወፍራሙ ነጋዴ በሠረገላ መጣ።

"እነሆ ጌታው!" ብሎ አያልነህ ጮኸ። "ፎገራን ያህል ሆድ ተሸክመው፣ ጣራ ገዳም ሱባዔ ሊገቡ ነው ስትሉ፣ ሚስት ፍለጋ!"

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ይታይሽ የእናቷን ጉልበት ጨብጣ በሳቅ ትፈነዳለች። ፍየሏ መጣች፤ ጉንጉኑን ጎረሰች።

"ጌታዬ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እኔ ጿሚ ነኝ፤ አበባ ቢሆን እንጂ ቅቤ አልቀምስም!" አለች ፍየሏ በአያልነህ አንደበት።

ሰው ሁሉ ተንከተከተ። ድንቅነሽ ሳቋ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። ከንጋት ጀምራ ቅቤ ስትመዝን ስለዋለች የደከማት መሰላት። ደግማ ልብ ብላ አየች፤ በአቡጀዲው ጥግ አንድ እጅ አለ። የፍየሏን ገመድ የሚስብ የሰው እጅ። ያን ጊዜ አላየችውም። አሁን ደግሞ ካየችው በኋላ ከዚያ እጅ ሌላ የሚታያት ነገር ጠፋ። ነጋዴው ሲወድቅ አወዳደቁ የታሰበበት ነው፤ ከመውደቁ በፊት የሚወድቅበትን ቦታ ያያል። ሙዚቃው የሚያስቀው ሲመጣ ቀድሞ ይነግራል፣ የሚያሳዝነው ሲመጣም ቀድሞ ይለምናል። ይህ ነው እንዴ ያ ሁሉ? አለች በልቧ። አፈረችም፤ ለልጇ ይህን ያህል ዓመት የምታወራው ስለዚህ ነበር።

የመጋዘኑ በር ገርበብ ሲል ብርሃን ሰተት ብሎ ገባና ሰዉ አጉረመረመ።

"አያልነህ! እነመንግሥቴ መጥተዋል!" አለ ከውጭ የሐጂ ሳልህ ድምፅ። "ሱቄ በር ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ቄስም አብረዋቸው ናቸው።"

"ወገኖቼ!" አለ አያልነህ ከጆንያው እየወረደ። "አማቾቼ መጡብኝ። ቤት አስገብቼ እስክመለስ፣ ሰውየው ቢወድቅ አንሡልኝ!"

ሳቁ ተከትሎት ወጣ።

አያ መንግሥቴ የሙሽራው አባት ናቸው። ከርብ ወንዝ ማዶ፣ ሜዳው ላይ፣ ሰፊ መሬትና ብዙ ከብት አላቸው። ልጃቸው አንለይ ሠላሳውን ያለፈ ነው፤ ይታይሽን መጀመሪያ ያያት እዚሁ ገበያ ላይ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ለሙሽሮቹ የሚሰጡትን ከብት እኩል አጋጥመዋል፣ ሠርጉም ለነገ ሳምንት፣ ከሰኔ ጾም በፊት ባለው በመጨረሻው እሑድ ተቆርጧል። አገሩ እንደሚያደርገው ቤቱን፣ ጓሮውን፣ በረቱን አይቶ የመጣው አባት ነው። የልጅቱ እናት ከሠርጉ በኋላ ጠርተው እስኪወስዷት ድረስ ያማቾቿን ደጅ አትረግጥም። ድንቅነሽ ስለዚያ ቤት የምታውቀው አያልነህ የነገራትን ነው። አነጋገሩ ደግሞ ያምራል። አንለይ ቀደም ሲል አግብቶ ነበር። በነሐሴ ርብ ሞልቶ ግንድ ሲያንከባልል ሚስቱ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ደራሹ ውሃ ወሰዳት። አንለይ ልብሱን ሳያወልቅ ዘሎ ገባ፤ በጠጉሯ ይዞ ሊያወጣት ሲል ጎርፉ ነጠቀው። "ይህን ያህል ለሚስቱ ያለቀሰ ሰው ልጄን ይጎዳታል ብለሽ ነው?" ብሎ ነበር አያልነህ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ድንቅነሽም አብራው አልቅሳለች።

አሁን ማሽኑ ብቻውን ይንኳኳል። ድምፅ ማጉያው ማንም የማይሰማውን ቋንቋ ይተፋል። ሰዉ መሰላቸት ጀመረ።

"ምን አለ ሰውየው? ኧረ አስተርጉሙ!"

"አንተ አስተርጉም እንጂ፣ ባሕር ዳር ደርሼ መጣሁ ትል የለ!"

"ባሕር ዳር ህንድ አለ እንዴ፣ አንተ?"

ድንቅነሽ አልሰማቻቸውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ልጅ አየቻት። የሸክላ ሠሪው ልጅ ከበር ኋላ ቆማለች። አባቷ ከነጋዴው ጋር ያወራል፣ ይስቃል፤ ልጅቱ አትስቅም። ድንቅነሽ ከዚህ በፊት ያለፈውን ሁሉ በልቧ መልሳ ፈተሸችው፤ ሠረገላውን፣ ፍየሏን፣ ጭቃውን። በአንዱም ልጅቱ አልሳቀችም። የሳቀችው በአያልነህ ድምፅ ነበር። አባትየው እጇን ይዞ ሲያወጣት ከንፈሯ አጭር ነገር ተናገረ፤ ራሷን ግራና ቀኝ አወዛወዘች። ያኔ ጎንደር ላይ፣ ፊልሙ እዚህ ቦታ ሲደርስ፣ ከአያልነህ ረጅም ንግግር ሰምታ ነበር፤ "አባቴ፣ ካንተ መለየት ቢከብደኝም፣ ልቤ የጌታው ሆኗል፣ መርቀኝ" የሚል። አሁን ግን የአንድ ቃል ያህል ነው አፏ የተከፈተው።

ከዚያ የነጋዴው ቤት መጣ። ግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ዙሪያውን የደረቀ አበባ ተንጠልጥሎበታል። ነጋዴው ከሣጥን ጉትቻ አወጣ፤ እንደ ትንሽ ጀልባ የሆነ፣ ጫፉ ላይ ሦስት ፍሬ የተንጠለጠለበት። የልጅቱን ጆሮ ይዞ አደረገላት። ድንቅነሽ ፎቶግራፉን አየች። ሴትየዋ ጆሮ ላይ ያለው ያው ጀልባ ነው፤ ያው ሦስት ፍሬ። የሞተች የፊት ሚስቱ መሆን አለባት። ልጅቱም ቀና ብላ ፎቶግራፉን አየችና እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች። ነጋዴው እጇን ያዘ። ሳቀ። ሙዚቃውም አብሮት ሳቀ።

በሩ ተከፈተና አያልነህ ላቡን እየጠረገ ተመለሰ።

"የት ደረስን? አሃ! ይቺ በፎቶግራፍ የምታዩዋት እህቷ ናት! ሩቅ አገር ተድራ፣ ለታናሽ እህቷ የራሷን ጉትቻ ስጦታ ልካላት! እዩት፣ ልጅቱ በደስታ እንባዋ ሲወርድ!"

"እሰይ!" አሉ ሴቶቹ። አንዷ እልል አለች።

ይታይሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። "ታሳዝናለች አይደል፣ እማየ? ደስ ብሏት እኮ ነው የምታለቅሰው።"

"ደስ እንዳላት በምን አወቅሽ?"

"አባየ አለ እኮ።"

ድንቅነሽ ልጇን በዚያ በሚብለጨለጭ ብርሃን ቆየት ብላ አየቻት። ከዚያ ብድግ አለች።

"ተነሺ፣ እንሂድ። እንግዶች አሉ።"

"ሠርጉ ሳይደርስ?"

"ተነሺ አልኩሽ።"

ውጭ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። በጉና ተራራ በኩል ደመናው እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ ቆሟል፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም፣ አየሩ ታምቋል። ገበያተኛው ዝናቡን ፈርቶ ዕቃውን ይሸክፋል። ድንቅነሽ ይታይሽን "ቅደሚና ለእንግዶቹ ጠላ ቅጂ" ብላ ላከቻትና ወደ ቅቤ ተራው ታጠፈች። ገላነሽን የምታገኛት እዚያ ነው።

ገላነሽ የርብ ማዶ ሴት ናት፤ የመንግሥቴ ጎረቤት። ለድንቅነሽ ስንት ዓመት ቅቤ አስረክባለች። ሠርጉ ከተቆረጠ ወዲህ ግን ቅቤዋን ለሌላ ነው የምትሸጠው፤ በሩቅ ሰላምታ ትሰጥና ትታጠፋለች። ድንቅነሽ ግን የመንግሥቴ አማች ልሆን ነውና አክብራኝ ነው ብላ አስባ ነበር።

ገላነሽ ቅሏን በኮባ ቅጠል እየሸፈነች ሳለ ስታያት ደነገጠች።

"እቴ ድንቅነሽ! ሲኒማ አይደለሽም እንዴ?"

"ወጣሁ። ገላነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

"ዝናቡ ሳይመጣ ልሂድ። መንገዴ ሩቅ ነው።"

"የአንለይን ሚስት ታውቂያት ነበር?"

ገላነሽ ቅጠሉን ደጋግማ አስተካከለችው። "ጎረቤቴ አይደለች እንዴ። ነፍሷን ይማር።"

"ርብ ነው የወሰዳት አሉ።"

"አሉ።"

"መቼ ነበር?"

ሴትየዋ ዙሪያዋን አየች። ከጨው ነጋዴዋ ከቱርኪያ በቀር በአቅራቢያ ሰው አልነበረም፤ እሷም ጀርባዋን ሰጥታ ጆንያዋን ታስራለች።

"አንቺዬ፣ ባሌ የመንግሥቴን መሬት ነው የሚያርሰው። ስሜን ካነሣሽ ደጅ እንወድቃለን።"

"አላነሣም። ወሩን ብቻ ንገሪኝ።"

"ጓያ ስናጭድ ነበር።"

ጓያ የሚታጨደው በየካቲት ነው። በየካቲት ርብ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ሕፃናት ይሻገሩታል፣ ጥጆች መካከሉ ላይ ተኝተው ያመሰኩበታል።

"በየካቲት ምን ውሃ አለና?"

"እኔ ምን አውቄ። ስንጠራ ሄድን። ሴቶቹ እንጠባት ብንል 'ወንዶቹ አጥበው ገንዘዋታል' ተባልን። ሴትን ወንድ ሲያጥብ አይቼ አላውቅም። እናቷ ፊቷን ልየው ብላ ስታለቅስ እንኳ አልከፈቱላትም።" ገላነሽ ቅሏን ብድግ አድርጋ በጀርባዋ አዘለች። "ከመሞቷ በፊት ሌሊት ትጮህ ነበር ሲሉም ሰምቻለሁ፤ አንድ ሌሊት ብቻ አይደለም። እኔ ግን ምንም አልነገርኩሽም።"

"ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?"

"ማን ጠየቀኝ? አያልነህ መጥቶ በልቶ ጠጥቶ፣ ሁሉን አሥቆ ሄደ። ለእኛ ለጎረቤቶቹ እንኳ ምን እንዳለን ታውቂያለሽ? 'አንለይ ለሚስቱ እንዲህ ዘለለ' ብሎ ያንኑ እኛው ሰፈር የሆነውን ለእኛው ተረከልን። አምሮ ስለተነገረ ግማሹ ሰው አመነ።" ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞር አለች። "እቴ፣ ልጅሽ መልካም ናት። እዩኝ እዩኝ አትልም።"

ድንቅነሽ ወደ ቤቷ ስትሄድ ቸኩላ አልተራመደችም። ነገሩን እንደ ቅቤ በጣቷ እያሸች መረመረችው። አያልነህ ዋሽቷት ይሆን? አይደለም። አያልነህ የሰጡትን ይቀበላል፤ ያጎረሱትን ቃል አጣፍጦ ይመልሳል። ያን የህንድ ቋንቋ የት እንደተማረ አንድ ጊዜ ብትጠይቀው፣ "ማን ተማረ? ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ አዝኗል፣ ጥርሱን ሲያሳይ ደስ ብሎታል፤ የቀረውን ልቤ ይነግረኛል" ብሏት አብረው ስቀዋል። አሁን ግን ሳቁን ስታስታውስ እርምጃዋን አፈጠነች።

ቤት ስትደርስ እንግዶቹ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አያ መንግሥቴ ሰፊ ትከሻቸውን በጋቢ ሸፍነው፣ ጎን ለጎን ቄስ በላቸው፣ የእነመንግሥቴ ደብር አገልጋይ፣ መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው። አያልነህም ፊልሙን ጨርሶ በሩጫ ደርሷል፤ ገና ትንፋሹ አልተመለሰም፣ ፊቱ ግን እንደ በዓል ቀን ያበራል። ድንቅነሽ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና ሥርዓቱ እንደሚያዘው ወደ ጓዳ ገባች። ይታይሽ ከመጋረጃው ኋላ፣ ማሰሮው አጠገብ ቆማለች።

"ደመናውን አይታችሁታል" ይላሉ አያ መንግሥቴ። "ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሟል። ርብ ሞልቶ መንገድ ሳይዘጋብን፣ ሙሽራዋን እስከ ሳምንት እሑድ ባናቆያት። ማክሰኞ እንውሰዳት። ድግሱን በኋላ እናሟላዋለን።"

"ማክሰኞ!" አለ አያልነህ። "ሙሽራው ቸኮለ በሉኛ! አያ መንግሥቴ፣ ልጅዎ የያዘው ፍቅር እንጂ ቀጠሮ አይደለም!"

"እንዲያ ነው" አሉ ሳይስቁ። "ቤቱ ሴት የለውም።"

"ልጅቷማ ከወዲሁ ልቧ እዚያ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ትናንት ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ 'አባየ፣ ከማዶ ያለው ጎጆ ጭሱ ይታየኛል' አለችኝ።"

ድንቅነሽ ልጇን አየቻት። ይታይሽ አፏን ከፍታ አባቷን ትሰማለች።

"ብለሽዋል?" አለች ድንቅነሽ በሹክሹክታ።

"ኧረ እኔ አላልኩም።" ትንሽ ቆይታ፣ እንደማፈር ብላ፣ "ያምራል ግን" አለች።

ድንቅነሽ ልጇን በትከሻዋ ይዛ ከማሰሮው ኋላ አስቀመጠቻትና መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

ወንዶቹ ጠላ ልትጨምር የመጣች መስሏቸው ነበር። እጇ ባዶ መሆኑን ሲያዩ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ወደ ቄሱ ቀርባ መስቀል ተሳለመች።

"አባ፣ ይፍቱኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ጠይቂ፣ ልጄ።"

"ለአንለይ ሚስት ፍትሐት ያደረሱት እርስዎ ነዎት ብዬ ነው። በየትኛው ወር ነበር የቀበሯት?"

የአያ መንግሥቴ ጋቢ ከትከሻቸው ተንሸራተተ፤ አላነሡትም። አያልነህ ሳቅ አለ።

"የእናት ሆድ! ልጅ ስትድር ሁሉ ይታወሳታል። በነሐሴ ነው ብዬሽ የለ? ርብ ግንድ እያንከባለለ፣ አንለይ ከነልብሱ..."

"አንተ እዚያ አልነበርክም" አለች ድንቅነሽ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "አባ ነበሩ።"

አያልነህ በዚህ ቤት ንግግሩ መሐል ላይ ተቆርጦበት አያውቅም። ሚስቱን አየ፣ ከዚያ መንግሥቴን፣ ከዚያ ቄሱን፤ ከአንዱ ፊት ላይ ሊተረጉመው የሚችል ነገር እንደሚፈልግ ሰው።

ቄስ በላቸው አውራ ጣታቸውን በመስቀሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ያመላልሳሉ። ጣራው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ተሰሙ፣ ተራርቀው፣ ከባድ ከባድ ሆነው።

"ይንገሯት እንጂ፣ ቄስ" አሉ አያ መንግሥቴ። አነጋገራቸው የልመና አልነበረም።

ቄሱ ቀና አላሉም። "ልጄ... ያለፈ ነገር..." አሉና ተዉት።

"አላለፈም፣ አባ። ማክሰኞ ነው።"

ድንቅነሽ መልሱን አልጠበቀችም። ከግድግዳው ሥር የነበረውን በርጩማ አነሣች። ወደ እንግዶቹ ግን አላቀረበችውም፤ ይታይሽ ካለችበት ጓዳ በር ላይ፣ ከመጋረጃው ፊት አስቀመጠችው። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችበት።